ጎማ የሚበላው የትኛው መንገድ ነው? ከፎገራ ዋልካ እስከ አፈር የውድድር ሜዳ

ከባሕር ዳር ተነሥተን በጎንደር መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንጓዝ ወረታን እናገኛለን። ከተማዋ የመንገድ መገናኛ ናት። ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ ያመራል፤ ወደ ምዕራብ የሚወርዱት ጠባብ የአፈር መንገዶች ደግሞ የሩዝ ማሳዎችን እያቋረጡ ወደ ጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ ወደ ሽናና ናበጋ ይዘልቃሉ። መንገድ በተገናኘበት ሁሉ ጎሚስታ አይጠፋም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም የተነሣው በአንድ የክረምት መግቢያ የተነፈሰ ጎማ ለማስጠገን ከአንዱ ጎሚስታ ዘንድ ቆመን ሳለ ነው።

ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ከደጃፋቸው የተከመሩትን ያለቁ የባጃጅ ጎማዎች እያየን፣ «ጋሼ፣ መቼም ክረምቱ ለእርስዎ የገበያ ወቅት ነው፤ ጭቃው የሰዉን ጎማ ሁሉ ይጨርስልዎታል» አልናቸው። ሳቅ አሉና፣ «ኧረ መምህር፣ ጭቃ መቼ ጎማ ይበላል? ጭቃ የሚበላው ነዳጅ ነው። ጎማ የሚበላው የጥርና የየካቲት መንገድ ነው፤ ያ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው» ብለው መለሱልን።

መልሳቸው የሙያ ክብራችንን ነካው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ባወጣነው ፈተና ላይ፣ «አንድ ባጃጅ በጭቃና በደረቅ የአፈር መንገድ ላይ እኩል ርቀት ቢጓዝ ጎማው ይበልጥ የሚበላው በየትኛው ላይ ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎች «በጭቃው ላይ፤ ምክንያቱም ጎማው ብዙ ይንሸራተታል» ሲሉ መለሱ፤ እኛም ትክክል ብለን አረምንላቸው። «በደረቁ ላይ» ብላ የጻፈች አንዲት ተማሪ ግን ዜሮ አገኘች። በዚህ ጽሑፍ ጎሚስታውና ተማሪዋ ለምን ትክክል እንደነበሩ፣ እኛስ የቱ ላይ እንደተሳሳትን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከማስረጃዎቻችን አንዱ ትንሽ ሊያስገርም ይችላል፤ የአፈር ሜዳ የመኪና ውድድር ነው። በወረታ መንገድ ላይ አንድ ጎማ እስኪያልቅ ወራት ይፈጃል። በእነዚያ ወራት ዝናቡም፣ ጭነቱም፣ አሽከርካሪውም ስለሚለዋወጡ አንዱን ምክንያት ከሌላው መለየት ያስቸግራል። በውድድር ሜዳ ግን ጎማ በአንድ ምሽት፣ ብዙ ሰው ዓይኑን ተክሎ እያየው ያልቃል። ለፊዚክስ ተማሪ እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ በቀላሉ አይገኝም።

ያረምነው ስሕተት

ተማሪዎቻችን የተነሡበት ሐሳብ በራሱ እንከን የለበትም። ጎማ መሬት ላይ ፍጹም በሆነ መንገድ አይንከባለልም። ሞተሩ ሲገፋው፣ ፍሬን ሲይዘው ወይም መሪው ሲጠመዘዝ ከመሬት ጋር የተገናኘው የጎማው ክፍል በጥቂቱ ይንሸራተታል። በዚህ መንሸራተት ወቅት ሰበቃ፣ ብዙዎቻችን በክፍል ውስጥ ፍሪክሽን የምንለው ኃይል፣ ሥራ ይሠራል። መጠኑም የሚከተለው ነው፦

ሥራ = የሰበቃ ኃይል × የተንሸራተተበት ርቀት

ቁጥር እናስገባበት። የአንድ ባጃጅ አንዱ የኋላ ጎማ በደረቅ መንገድ ላይ በ100 ኒውተን እየገፋ 1 ኪሎ ሜትር ቢጓዝና መንሸራተቱ 2 በመቶ ቢሆን፣ የተንሸራተተበት ርቀት 20 ሜትር፣ ሥራውም 2,000 ጁል ይሆናል። ያው ጎማ በጭቃ ውስጥ 1 ኪሎ ሜትር ወደፊት ለመሄድ የ5 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሽከረከር 4 ኪሎ ሜትር ተንሸራተተ ማለት ነው። በጭቃው ላይ የሚገፋበት ኃይል 250 ኒውተን ቢሆን ሥራው 1,000,000 ጁል ይደርሳል፤ ከፊተኛው 500 እጥፍ። እነዚህን ቁጥሮች ለምሳሌ መረጥናቸው እንጂ አልለካናቸውም። ሆኖም መበላት ከሥራው ጋር ብቻ የሚመጣጠን ቢሆን ኖሮ በሐምሌ ወደ ናበጋ የሚወርድ ባጃጅ ጎማውን በጥቂት ቀናት መጨረስ ነበረበት። አይጨርስም።

በቀመሩ ውስጥ ያልገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ሥራው የተሠራው በማን ላይ ነው? ሁለት አካላት ሲፋተጉ የሚወጣው ኢነርጂ ለሁለቱ እኩል አይከፈልም። እናቶቻችን በመጅና በወፍጮ እህል ሲፈጩ ድንጋዩም ከዓመታት በኋላ ይበላል፤ በዚያች ሰዓት የሚደቀው ግን እህሉ ነው። እኛም ፈተናውን ስናርም ወፍጮውን ከእህሉ አልለየንም ነበር።

ከሁለቱ ማን ይሸነፋል?

ጎማ መሬቱን የሚጫንበት ግፊት በውስጡ ካለው የአየር ግፊት ጋር ይቀራረባል። ለባጃጅ ጎማ 200 ኪሎ ፓስካል እንበል። የሰበቃው ኮፊሸንት 0.7 ቢሆን፣ ጎማው የመሬቱን ገጽ በአግድም ሊጎትት የሚችልበት ጫና 0.7 × 200 = 140 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። አሁን ጥያቄው ወደ መሬቱ ይዞራል። አፈሩ ይህን ጫና ሳይሸራረፍ መቋቋም ይችላል?

መልሱ በውኃው መጠን ይወሰናል፤ በፎገራ ደግሞ ከሌላው አገር ይበልጥ ይወሰናል። የሜዳው ጥቁር አፈር ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው፣ የአፈር ሳይንቲስቶች ቨርቲሶል የሚሉት ነው። ይህ ዓይነት አፈር ቢያንስ 30 በመቶ ሸክላ ይይዛል፤ የሸክላውም ዋና ማዕድን ስሜክታይት ይባላል። ስሜክታይት ውፍረታቸው 1 ናኖ ሜትር ገደማ ከሆነ ቅጠሎች የተነባበረ ነው። ውኃ በቅጠሎቹ መካከል ሲገባ አፈሩ ያብጣል፤ ውኃው ሲወጣ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በመጋቢት በሜዳው የሄደ ሰው ስንጥቁን፣ በነሐሴ የሄደ ደግሞ ጫማውን ያስታውሳል።

እ.ኤ.አ. በ1911 አልበርት አተርበርግ የተባለ ስዊድናዊ ሸክላማ አፈር ከደረቅነት ወደ ፈሳሽነት ሲያልፍ የሚሻገራቸውን ገደቦች በቁጥር የሚያስቀምጥበትን መንገድ አሳተመ። አንደኛው ገደብ አፈሩ ሳይፈረካከስ ቅርጽ መያዝ የሚጀምርበት ነው፤ ሌላኛው ቅርጹን መያዝ ትቶ መፍሰስ የሚጀምርበት። የአገራችን ሸክላ ሠሪዎች የመጀመሪያውን ገደብ ያለ መሣሪያ፣ በመዳፋቸው ያውቁታል። ጭቃው እጃቸው ላይ ሳይጣበቅ፣ ሲጠቀልሉትም ሳይሰነጠቅ ሲቀር ሥራ ይጀምራሉ።

የመሬት መሐንዲሶች ለእነዚህ ሁኔታዎች የጥንካሬ ቁጥር አላቸው። ለስላሳ የሚሉት ሸክላ በአግድም ሲጎተት ከ12 እስከ 25 ኪሎ ፓስካል ብቻ ችሎ ይሸነፋል። ጠንካራ የሚሉት ከ50 እስከ 100 ይችላል። በአውራ ጣት ጥፍር እንኳን ለመጫር የሚያስቸግረው ደረቅ ሸክላ ከ200 በላይ ይችላል። እነዚህን ከ140 ጋር እናነጻጽራቸው።

የሐምሌው ዋልካ 20 ኪሎ ፓስካል ቢችል ነው። ስለዚህ የጎማው ጫና ገና 140 ሳይደርስ ጭቃው ይቆረጣል። መንሸራተቱም ከጎማውና ከአፈሩ መገናኛ ወጥቶ ወደ ጭቃው ሆድ ይገባል። ጎማው በጭቃ ተለስኖ፣ ጭቃውን እንደ ጫማ ለብሶ ይሽከረከራል፤ የሚፋተገው ጭቃ ከጭቃ ጋር ነው። ያ 1,000,000 ጁል ጭቃ ለማማሰል፣ ወደ ኋላ ለመወርወርና ጥቂት ለማሞቅ ይውላል። ማሞቁም ቢሆን እዚህ ግባ አይባልም፤ አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ለማትነን ወደ 2.3 ሚሊዮን ጁል ስለሚያስፈልግ፣ ያ ሁሉ ሥራ ግማሽ ሊትር ውኃ እንኳን አያተንም።

የጎሚስታው ሁለተኛ ቃል፣ «ጭቃ የሚበላው ነዳጅ ነው» ያሉት፣ እዚህ ላይ ይረጋገጣል። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 32 ሚሊዮን ጁል ይይዛል፤ ትንሽ ሞተር ከዚህ አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ ወደ ጎማው ያደርሳል ብንል 6.4 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች የባከነው 2 ሚሊዮን ጁል የሊትር ሲሶ ገደማ ነው፤ ያውም ለአንድ ኪሎ ሜትር።

የየካቲቱ ዋልካ ግን ከ200 በላይ ይችላል። 140 ኪሎ ፓስካል አያንቀሳቅሰውም። ስለዚህ መንሸራተቱ በጎማውና በአፈሩ መገናኛ ላይ ይቀራል፤ 2,000 ጁሉም በአብዛኛው በጎማው ቆዳ ላይ ያርፋል። መጠኑ ያነሰ ነው፤ የሚያርፍበት ቦታ ግን ሌላ ነው።

ብርጭቆ ወረቀቱ

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ሊያቆመን ይገባል። የተሽከርካሪ ጎማ ተስቦ እስኪበጠስ ወደ 20,000 ኪሎ ፓስካል ይችላል። ከደረቁ ሸክላ እጅግ የበረታ ነው። ታዲያ በ140 ኪሎ ፓስካል እንዴት ይሸነፋል?

140 አማካይ ቁጥር ነው። ጎማው ከመሬት ጋር በእርግጥ የሚገናኘው በገጹ ሁሉ ሳይሆን በጥቃቅን ጉብታዎች ጫፍ ላይ ነው። የእውነተኛው መገናኛ ስፋት ከጠቅላላው 1 በመቶ ብቻ ቢሆን፣ በጫፎቹ ላይ ያለው ጫና 14,000 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል፤ ይህ ደግሞ ወደ መበጠሻው የተጠጋ ነው። አንዴ ባይበጥሰውም ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ያው ቦታ ስለሚጫር፣ ስንጥቁ ጥቂት በጥቂት እያደገ ቅንጣቷ ትወድቃለች። ሽቦ ወዲያና ወዲህ እያጠፍን እንደምንበጥሰው ማለት ነው።

አዶልፍ ሻላማክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በእንግሊዝ አገር ጎማን በመርፌ ጫፍ እየጫረ ይህን አጥንቷል። ጎማ ሲፋቅ ገጹ ላይ ከሚንሸራተትበት አቅጣጫ ጋር የተሻገሩ ጥቃቅን ሸንተረሮች እንደሚፈጠሩም አሳይቷል። ተማሪዎች ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያሻቸውም። በከተማ የቆመ ባጃጅ የፊት ጎማን ጥርስ ጠርዝ በጣት ቢዳስሱት ብዙ ጊዜ ወደ አንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ ወደ ሌላው እንደ ሞረድ ሸካራ ሆኖ ያገኙታል።

እነዚያ ጫፎች ከየት መጡ? ሸክላው ራሱ ጎማ አይጭርም። የስሜክታይት ጥንካሬ በሞህስ መለኪያ ከ1 እስከ 2 ነው፤ የጣታችን ጥፍር እንኳን 2.5 ይሆናል። ጫፎቹ የባዛልት ፍርፋሪዎች ናቸው። የሰሜኑ ደጋ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት የተሸፈነ ነው። ዋልካው የዚያ ባዛልት ብስባሽ ሲሆን፣ በመንገዱ ላይ የሚነጠፈው ጠጠርም ያው ባዛልት ነው። በውስጡ ያሉት ማዕድናት በሞህስ መለኪያ ከ5 እስከ 6.5 ይደርሳሉ።

ታዲያ ያው ጠጠር በሐምሌም አለ፤ በሐምሌ ለምን አይቆርጥም? ብርጭቆ ወረቀት የሚያውቅ አናጺ መልሱን ያውቃል። ወረቀቱ እንጨት የሚፍቀው ቅንጣቶቹ በማጣበቂያ ጸንተው ስለተያዙ ነው። ያንኑ ቅንጣት ቅቤ ላይ ብንነሰንስና እንጨቱን ብንፈትግበት ቅንጣቱ ቅቤው ውስጥ ይሰምጣል እንጂ እንጨቱን አይነካም። እርጥብ ዋልካ ቅቤ ነው፤ የደረቀ ዋልካ ማጣበቂያ ነው። ጎማውን የሚጭረው የጠጠሩ ጫፍ ሲሆን፣ ጫፉ ይቁም ወይም ይስመጥ የሚወስነው በአፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለ አንድ ሁኔታም አለ። በጣም በደረቀ መንገድ ላይ አቧራና ልቅ ጠጠር ሲከማች ቅንጣቶቹ ከጎማው ሥር እንደ ኩችኔታ ይሽከረከራሉ። መኪናው ይንሸራተታል፤ እያንዳንዱ ቅንጣት ግን ተይዞ ከቆመው ያነሰ ይጭራል። ጎማዎች አቧራውን ወደ ዳር ጠርገው የሄዱበትን መስመር ሲያጸዱት ነው ጎሚስታው ያሉት የሚያብረቀርቅ መንገድ የሚወጣው። ማብረቅረቁ ያታልላል፤ ለዓይን ለስላሳ የሆነው የሸክላው ቅጠሎች በጎማ ተዳምጠው ስለተኙ ነው፤ የባዛልቱ ጫፎች ግን በመካከላቸው ጸንተው ቆመዋል።

በአንድ ምሽት ሦስት ወቅት

ያልተነጠፈ መንገድ «ፒስታ» የምንለው ከጣሊያንኛ በተወረሰ ቃል ነው፤ በጣሊያንኛ ደግሞ ቃሉ የመወዳደሪያ ሜዳንም ያመለክታል። በአሜሪካ ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ላይ ይገኛሉ። በዚያ አገር በየትንንሹ ከተማ ዙሪያ ሸክላ የተነጠፈባቸው፣ ርዝመታቸው ብዙ ጊዜ ከ400 እስከ 800 ሜትር የሆነ ሞላላ ሜዳዎች አሉ። ለትምህርት በዚያ ሳለን አንድ የቤተ ሙከራ ባልደረባችን ወደ እንዲህ ያለው ሜዳ ወሰደን። ፊዚክስ ልናይ ሳይሆን ልንዝናና ነበር የሄድነው፤ ለዚህም ይመስላል የታየን ነገር የገባን ከብዙ ዓመት በኋላ ወረታ ላይ የሆነው።

ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ቦቴ መኪና ሜዳውን ደጋግሞ አጠጣው። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሐምሌ ነበሩ። መኪኖቹ የሚወረውሩት ጭቃ አጥሩን አልፎ ልብሳችን ላይ አረፈ፤ ጎማዎቹ ግን ሲመለሱ እንዳዲስ ነበሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አፈሩ ሸክላ ሠሪ የሚወደው ደረጃ ላይ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ጎማው ወደ አፈሩ ጥቂት ይሰምጣል፣ አፈሩም ይይዘዋል፤ መኪኖቹ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈጥኑት ያኔ ነው። ሌሊቱ ሲገፋ ሜዳው ደርቆ ጠቆረና ማብረቅረቅ ጀመረ፤ የካቲት መጣ። መኪኖቹ በየመታጠፊያው ጎናቸውን እየሰጡ ተንሸራተቱ። በዕረፍቱ ሰዓት መካኒኮቹ ሁሉ የሚያጎነብሱት ወደ አንድ ጎማ ነበር፤ ወደ ቀኝ የኋላው። መኪኖቹ ሁልጊዜ ወደ ግራ ስለሚታጠፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ የሚገፉት ደግሞ የኋላዎቹ ጎማዎች ናቸው።

በመጨረሻ አራተኛ ሁኔታ ይመጣል፤ ተወዳዳሪዎቹም ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይፈሩታል። ከጎማዎቹ የተፋቀው ጥቁር ቅሬታ በአንድ መስመር ላይ ተለስኖ የሸክላውን ገጽ ይሸፍነዋል። መያዣው በዚያ መስመር ላይ እጅግ ስለሚጨምር መኪኖቹ ሁሉ ተከታትለው በእርሱ ላይ ብቻ ይነዳሉ። መያዣ ጨመረ ማለት ኃይል ጨመረ ማለት ነው፤ ሥሩ ደግሞ እንደ ድንጋይ ደርቋል። በዚህ ጊዜ ጎማው በፍጥነት ያልቃል፤ ማሸነፍም ጎማን እስከ መጨረሻው ዙር ማድረስ ይሆናል። ጎማው ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ በገጹ የተወለደው ሙቀት እዚያው ይከማቻል፤ የጋለው ገጽም ይለሰልስና ይበልጥ ይፋቃል። በእርጥብ ሸክላ ላይ ግን ውኃው ሙቀቱን ይወስደው ነበር። ለዚህ ነው ቡድኖች ሜዳው እንደሚደርቅ ሲገምቱ ጠንከር ያለ ጎማ የሚመርጡት፣ የጎማውን ጥርስም በስለት እየሰነጠቁ ጠርዝና አየር የሚጨምሩለት። የሜዳ ጠባቂዎችም በበኩላቸው አፈሩ ቶሎ እንዳይደርቅ ከአየር እርጥበት የሚስብ ጨው፣ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ይቀላቅሉበታል።

ይህ የትንንሽ ሜዳዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የናስካር ከፍተኛው ምድብ ከ1970 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፈር ላይ ሲወዳደር፣ በቴኔሲ ግዛት የሚገኘው የብሪስቶል ሜዳ ኮንክሪት በቀይ ሸክላማ አፈር ተሸፍኖ ነበር። ከ1,500 ኪሎ ግራም የማያንሱት መኪኖች በዓርቡ ልምምድ ጎማቸውን ባልታሰበ ፍጥነት ስለጨረሱ፣ አዘጋጆቹ ውድድሩ በመሐል የሚቆምባቸውን ነጥቦች ጨመሩ። ከዚያ ብዙ ዝናብ ወርዶ ውድድሩ ከእሑድ ወደ ማርች 29፣ ሰኞ ተዛወረ። ያሸነፈው ጆይ ሎጋኖ ነው።

ለፎገራ የሚቀርበው አፈር ግን የኬንያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው የሳፋሪ ራሊ ለብዙ ዓመታት በፋሲካ ሰሞን፣ በዝናብ ወቅት ይካሄድ ነበር፤ ዝናውንም ያተረፈው በከፊል «ብላክ ኮተን» ከሚባለው ጥቁር አፈር ጭቃ ነው። እርሱም ቨርቲሶል ነው። ውድድሩ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ በ2021 ተመልሷል። በዚያ ጭቃ ውስጥ መኪና ይሰምጣል፣ ሰዓት ይባክናል፤ ጎማ የሚገድለው በደረቁ መንገድ ላይ ያለው ስለታም ድንጋይ ነው። እዚያም ቢሆን የሚገድለው በመቁረጥና በመቅደድ እንጂ በመፋቅ ብቻ አይደለም፤ ይህ ሌላ ዓይነት ጉዳት ስለሆነ አናዝግምበትም።

ፍጥነት በአራት ሲባዛ

መንገዱን ማጠጣት የባጃጅ ባለቤት አቅም አይደለም። በእጁ ያለው ፍጥነቱ ነው፤ እዚህም ላይ ፊዚክሱ ከምንጠብቀው በላይ ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ1961 ግሮሽና ሻላማክ ጎማ በመታጠፊያ ላይ የሚበላው መጠን ጎማው ከሚሄድበት አቅጣጫ ምን ያህል እንደተጠመዘዘ ከሚነግረው አንግል ካሬ ጋር እንደሚመጣጠን አሳዩ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንግሉ ትንሽ እስከሆነ ድረስ የጎን ኃይሉ ከአንግሉ ጋር ያድጋል፤ የተንሸራተተበት ርቀትም እንዲሁ። ሥራው የሁለቱ ብዜት ስለሆነ ከኃይሉ ካሬ ጋር ያድጋል። በመታጠፊያ ላይ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ፦

ኃይል = ክብደተ ቁስ × ፍጥነት² ÷ የመታጠፊያው ሬዲየስ

ስለሆነ፣ በአንድ መታጠፊያ ላይ የሚደርሰው መበላት ከፍጥነቱ አራተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይታጠፍ የነበረ አሽከርካሪ 30 ቢያደርገው 1.5⁴ = 5.06 ነው፤ አምስት እጥፍ። ጎማው ጨርሶ መንሸራተት ከጀመረ ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ ባለሦስት እግሩ ባጃጅ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ይገለበጣል።

ሌላው የደረቅ ወቅት ጣጣ እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ መንገድ ነው። በደርግ ዘመን በቻይናውያን የተሠራውን፣ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለውን የወረታ–ወልድያ መንገድ በጠጠርነቱ ዘመን የነዱ ሰዎች ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ታበርሌ፣ ሞሪስና ማክኤልዌይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሙከራ፣ በደረቅ አሸዋ ላይ የሚዞር ተራ መንኰራኵር ፍጥነቱ ከአንድ ገደብ ሲያልፍ ሽብሽቡን በራሱ እንደሚፈጥር አሳይተዋል፤ ከገደቡ በታች መንገዱ ሜዳ ሆኖ ይቆያል። በሽብሽቡ ላይ ጎማው ይዘላል፤ አንዴ ምንም ሳይዝ፣ አንዴ እጥፍ ተጭኖ ይሄዳል። አማካዩ ኃይል ያው 100 ኒውተን ሆኖ ግማሹን ጊዜ 0፣ ግማሹን 200 ቢሆን፣ የካሬዎቹ አማካይ ከ10,000 ወደ 20,000 ይወጣል። አሽከርካሪው አንዲት ኒውተን ሳይጨምር መበላቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

በትምህርት ቤት የሚሠራ ሙከራ

ይህን ሁሉ አምኖ መቀበል አያስፈልግም፤ መሞከር ይቻላል። አራት ጥልቀት የሌላቸው የእንጨት ሣጥኖች እናዘጋጅ። በሦስቱ ውስጥ ዋልካ ከእኩል መጠን ደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለን እንሙላ። አንደኛውን በውኃ እናርሰው፤ ሁለተኛውን ሸክላ ሠሪ በሚወደው ደረጃ እናቆየው፤ ሦስተኛውን ገጹን አስተካክለን ለሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ እናድርቀው። ሲሰነጠቅ ስንጥቁን በዚያው ቅልቅል እየደፈንን እናለስልሰው። አራተኛው ሣጥን እንዳይረሳ አደራ እንላለን፤ እርሱ እንደ ሦስተኛው የደረቀ፣ ነገር ግን አሸዋ ያልገባበትና በወንፊት የተነፋ ዋልካ ነው። ሸክላው ራሱ ይጭር እንደሆነና እንዳልሆነ የሚፈርደው አራተኛው ነው።

ከአንድ ፓኬት የተወሰዱ አራት ላጲሶች ጎማችን ይሆናሉ። እያንዳንዱን በኬሚስትሪ ክፍል ሚዛን እስከ 0.01 ግራም እንመዝን። በላዩ 1 ኪሎ ግራም ጭነን በስፕሪንግ ሚዛን እየጎተትን በየሣጥኑ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር 50 ጊዜ እናንሸራትተው፤ በድምሩ 10 ሜትር ይሆናል። የስፕሪንግ ሚዛኑን ንባብ በየጊዜው እንመዝግብ። ከዚያ ላጲሱን አጥበን፣ በደንብ አድርቀን ዳግም እንመዝነው። ሳይደርቅ የተመዘነ ላጲስ «ክብደት ጨመረ» የሚል ውጤት ይሰጣል፤ ይህን ከተሞክሮ ነው የምንናገረው። የጠፋውን ክብደት ለተሠራው ሥራ ስናካፍል ጽሑፋችን የተመሠረተበትን ቁጥር፣ በአንድ ጁል የጠፋውን የጎማ መጠን፣ እናገኛለን። ሐሳባችን ትክክል ከሆነ ይህ ቁጥር በሦስተኛው ሣጥን ላይ ከሁሉ ይበልጣል፤ በአራተኛው ላይ ደግሞ አፈሩ ያን ያህል ደርቆ ሳለ ዝቅ ይላል።

በወረታና በአካባቢዋ ያሉ ተማሪዎች ከዚህ አልፈው እውነተኛውን ጎማ መለካት ይችላሉ። የአንድ ባጃጅ የኋላ ጎማ ጥርስ ጥልቀት በቬርኒየር ካሊፐር በሦስት ቦታ፣ በየወሩ ተለክቶ ከተጓዘው ኪሎ ሜትር ጋር ቢጻፍ በአንድ ዓመት ውስጥ ጎሚስታው ያሉት ነገር በግራፍ ይወጣል። የጎማው የአየር ግፊት በየልኬቱ እኩል መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ልኬቱን በኅዳር፣ ሩዙ ታጭዶ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር መጀመር ይሻላል፤ ያኔ ደረቁ ወቅት ሳይቆራረጥ ይገኛል። ጎማው በመሐል ከተቀየረ ቀኑ ተጽፎ ልኬቱ ከአዲሱ ጎማ ይቀጥላል።